ተከራይ ሲለቅ እድሳቱ የማን ዕዳ ነው?

ተከራይ፣ ሽምብጥ (ባሕር ዳር)፦ ትላንት አንድ አከራይ እዚሁ ገጽ ላይ «ተከራይ ቤቱን እንደተረከበው ይመልስ፤ አለዚያ የቀለሙን ካስያዘው ገንዘብ ላይ እቆርጣለሁ» ብለው መጻፋቸው በጣም አናዶኛል። እኔ ከነበርኩበት ቤት ስወጣ የቀለምና የልስን ተብሎ ያስያዝኩት ገንዘብ በሙሉ ቀርቶብኛል። ያ ግድግዳ ግን ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ የተላጠው ከመሠረቱ በሚወጣ ርጥበት ነው፤ ክረምት በገባ ቁጥር ነጭ ጨው እያወጣ ልስኑ ይረግፋል። ከጣና ዳር የተሠራ ቤት ርጥበት ቢስብ ተከራዩ ምን አደረገ?

አከራይ፣ ቀበሌ 14፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አሁንም ከቃሌ አልመለስም። ስለ ርጥበት አላወራሁም። ባለፈው የወጣው ተከራዬ ከሰል ምድጃ በሊሾው ላይ ሲያነድ ኖሮ ሊሾው ተሰንጥቋል፤ ከሲንኩ ሥር ያለው ቧንቧ ለወራት ሲንጠባጠብ ስላልነገረኝም የቁም ሳጥኑ ወለል በስብሶ በእጄ ሲነካ ፈረሰ። በጊዜው ቢነግረኝ ጎሚኒ ቀይሬ የምገላገለው ነበር። ይህን በጡረታ አበሌ ልጠግን ነው?

የሕግ ባለሙያ፦ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ጥቃቅን ጥገናዎችን በተከራይ ላይ ቢጥልም፣ በእርጅና ወይም ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት የመጣውን ብልሽት ግን አያሸክመውም። ተከራዮች ልብ የማይሉት ሌላው ነገር ይበልጥ ይጎዳቸዋል፦ በርክክቡ ጊዜ የቤቱ ሁኔታ በጽሑፍ ካልተመዘገበ፣ ተከራዩ ተቃራኒውን እስካላስረዳ ድረስ ቤቱን በደኅና ሁኔታ እንደተረከበ ይገመታል።

ተከራይ፣ ሽምብጥ፦ እንግዲያው «እንደተረከበው» የሚሉት እርስዎ፣ የተረከበበትን ሁኔታ የሚያሳይ ወረቀት አለዎት? እኔ ቤቱን ያየሁት ደላላ እየቸኮለ፣ ግድግዳው ገና አዲስ ቀለም ተቀብቶ ነው። ከቀለሙ ሥር ምን እንዳለ የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነበር። ውሉን የሚያዘጋጀው አከራይ እስከሆነ ድረስ መመዝገብም የአከራይ ሥራ ይመስለኛል።

አከራይ፣ ቀበሌ 14፦ ወረቀት የለኝም፤ ሰውን አምኜ ነው ያስገባሁት። ተከራይም ዓይን አለው፤ ሲገባ ያየውን ጉድለት ጽፎ ቢያስፈርመኝ እምቢ አልልም ነበር።

ተከራይ፣ ፔዳ አካባቢ፦ አዲሱ የኪራይ አዋጅ ወጥቶ እያለ ይህ ሁሉ ክርክር ለምን? ከሁለት ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ መቀበል ተከልክሏል፤ ለጥገና ተብሎ የሚያዘው ገንዘብም ያው ነው።

የሕግ ባለሙያ፦ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 በቀጥታ የሚመለከተው አዲስ አበባንና ድሬዳዋን ነው፤ በክልሎች የሚሠራው ክልሉ ተግባራዊ እንዲሆን ሲወስን ነው። ቅድሚያ ክፍያ ደግሞ የኪራይ ሒሳብ ነው፤ ለጥገና የሚያዝ ገንዘብ ሌላ ነገር ስለሆነ ሁለቱን ባናደባልቅ ይሻላል።

ተከራይ፣ ፔዳ አካባቢ፦ በወረቀት ላይ ሌላ ይሁን እንጂ ገንዘቡ የሚወጣው ከአንድ ደመወዝ ነው። ለማንኛውም እኔ ስገባ እያንዳንዱን ክፍል በስልኬ ፎቶ አንሥቻለሁ።

አከራይ፣ ቀበሌ 14፦ እኔ በሌለሁበት ፎቶ ብታነሡ ምን ዋጋ አለው? ሁለታችን ቆመን ያየነውና የፈረምንበት ካልሆነ አልቀበለውም። ደግሞም ስለ ሊሾውና ስለ ቧንቧው እስካሁን የመለሰልኝ የለም።

ተከራይ፣ ሽምብጥ፦ ሊሾውን የሰነጠቀው ይክፈል፤ ብልሽት አይቶ ዝም ያለም ይክፈል። ይህን ማንም አልካደም። እርስዎ ግን ትላንት የጻፉት ስለ ቀለም ነው። ሰው ለዓመታት በኖረበት ቤት ቀለም መደብዘዙ አይቀርም፤ ኪራዩ የተከፈለውም ለዚያ ኑሮ ነው።

አከራይ፣ ቀበሌ 14፦ የደበዘዘና የቆሸሸ አንድ አይደለም። የልጅ እርሳስና የምጣድ ጭስ ያጠቆረውን ግድግዳ እኔ በኪሴ አላስቀባም፤ የሚቀጥለው ተከራይም ሳያስይዝ ቁልፍ አይረከብም።

ተከራይ፣ ሽምብጥ፦ እንግዲያው ሲያስይዝ የግድግዳውን ሁኔታ ጽፈው ይፈርሙለት።