የዕቅድ ውይይት፦ ከላንግሊ ፓርክ ቤተሰቦች ጋር የምናቀርበው የስኳር በሽታ መከላከያ ፕሮፖዛል

ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በላንግሊ ፓርክ ከሚሠራው የላቲኖዎች ማኅበር ጋር የምናቀርበውን ፕሮፖዛል እዚሁ እንቅረጸው። መሪዎቹ እነሱ ናቸው፣ እኛ የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ሰዎች አጋር ነን። ይሄ ከመጀመሪያው ግልጽ ይሁን። ሰፈሩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ሜሪላንድ ውስጥ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወጣ ሲባል፣ ዩኒቨርሲቲ ቡልቫርድና ኒው ሃምፕሻየር አቬኑ የሚገናኙበት ነው። ብዙው ነዋሪ ከጓቲማላና ከኤል ሳልቫዶር የመጣ ቤተሰብ ነው።

ለምን ስኳር ለሚል፦ በብሮንክስ፣ በቺካጎ፣ በማያሚና በሳንዲዬጎ ከ16,000 በላይ ሂስፓኒክ (ላቲኖ) አዋቂዎችን የመረመረ ትልቅ ጥናት አለ። ወደ 17 በመቶ የሚሆኑት ስኳር ነበረባቸው። ከታመሙት ውስጥ ከአሥሩ አራቱ መታመማቸውን አያውቁም ነበር። አሜሪካ የኖሩበት ዘመን በረዘመ ቁጥር ደግሞ በሽታው ይበዛል። ስለዚህ ነገሩን በዘር ብቻ አናሳብብ። ሁለት ፈረቃ ሥራ አለ፣ እንቅልፍ ማጣት አለ፣ በየመደብሩ የተደረደረ ርካሽ ጣፋጭ መጠጥ አለ።

የኔ ሐሳብ ይሄ ነው። ገንዘቡ ለአንድ ቀን የምርመራ ድንኳን አይውጣ። ዓመቱን ሙሉ ከቤተሰቦቹ ጋር ለሚቆዩ ሰዎች ይዋል። እስቲ አስተያየታችሁን ስጡበት።

ዶክተር፦
በከፊል ነው የምስማማው። ስኳር ለዓመታት ድምፅ ሳያሰማ ይቆያል። ኤ ዋን ሲ የሚባለው፣ የወራት አማካይ የደም ስኳርን የሚያሳየው ምርመራ፣ ከ5.7 እስከ 6.4 የሆነበት ሰው ቅድመ ስኳር ላይ ነው፤ ምንም ስለማያመው ግን ካልለካነው አናገኘውም። ገንዘብ ሰጪዎችም መጀመሪያ የሚጠይቁት «ስንት ሰው ደረሳችሁ?» ብለው ነው። እሁድ ከስፓኒሽ ቅዳሴ በኋላ ሦስት መቶ ሰው ብንመረምር ጥሩ መነሻ ይሆነናል።

ሲስተር፦
ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እዚህ ላይ አልስማማም። እንዲህ ያለ ድንኳን ውስጥ ሠርቻለሁ። በአንድ ቤተ ክርስቲያን የመኪና ማቆሚያ ላይ ነበር። የጽዳት ሥራ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች አንዲት እናት መጣች፤ አሥር ዓመት የሚሆናት ልጇ ታስተረጉምላት ነበር። የኤ ዋን ሲ ውጤቷ ከ11 በላይ ሆነ፤ በጣም ከፍተኛ ነው። ያንን ለእናትየው የነገረቻት ልጅቷ ናት። ልጅቷ ፊቷ ሲለዋወጥ አይቻለሁ። እናትየው ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፣ አመሰግናለሁ ብላ ሄደች። ስልኳን የጻፈ የለም። ከሰዓት በኋላ ድንኳኑ ተነቀለ። በሪፖርቱ ላይ ግን እሷም «ከተደረሱት» አንዷ ሆና ተቆጥራለች።

ይህ እኛ ጋ እንዳይደገም። ልጆች በፍጹም አያስተርጉሙ። ደም መውሰዱም ቢሆን የላቦራቶሪ ፈቃድ ይጠይቃል፤ የጣት ጠብታም ብትሆን ክሊያ የሚባለው የፌዴራል የላቦራቶሪ ሰርተፊኬት ያስፈልጋታል። በዚያ ፈንታ ለስኳር የመጋለጥ ዕድልን በነጥብ በሚለካው የሰባት ጥያቄዎች መጠይቅ እንጀምር። ዕድሜ፣ ክብደት፣ የደም ግፊት፣ ቤተሰብ ውስጥ ስኳር መኖሩን፣ በእርግዝና ጊዜ ስኳር መታየቱን ይጠይቃል። በስፓኒሽም አለ፣ ደም አይፈልግም። አምስትና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኘ ሰው በዚያው ሰዓት የክሊኒክ ቀጠሮ ይያዝለት፤ የሰፈሩ ፕሮሞቶራም አብራው ትሂድ።

ፕሮሞቶራ ስል እዚያው ሰፈር የምትኖር፣ ሠልጥና ጎረቤቶቿን የምታስተምር ሴት ማለቴ ነው። ላቲኖዎቹ ዘንድ የቆየ አሠራር ነው።

ዶክተር፦
እሺ፣ አሳምነውኛል። ሁለት ነገር ግን ይጨመር። አንደኛ፣ ቀጠሮው የሚያዝበት ክሊኒክ ኢንሹራንስ የሌለውን ሰው እንደ ገቢው አስከፍሎ የሚያክም ይሁን። ላ ክሊኒካ ዴል ፑዌብሎ ከጦርነት ሸሽተው ለመጡ የማዕከላዊ አሜሪካ ሰዎች በ1983 የተከፈተ ነው፤ መጀመሪያ እነሱን እናናግር። ሁለተኛ፣ በ2002 የታተመው የስኳር መከላከያ ጥናት መግቢያው ላይ ይስፈር። ለስኳር የተቃረቡ 3,234 ሰዎች ተሳትፈውበታል። ክብደታቸውን 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ የታገዙት ሰዎች በስኳር የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ወረደ። ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር መድኃኒት የወሰዱት ደግሞ በ31 በመቶ። «የታገዙት» የሚለው ይሰመርበት። ምክር ብቻ ተሰጥቷቸው አልተለቀቁም፤ አሠልጣኝ ነበራቸው። የአሜሪካ የበሽታ መከላከያ መሥሪያ ቤት ሲዲሲ ከዚህ ተነስቶ ያዘጋጀው የአንድ ዓመት ትምህርት በስፓኒሽ ስላለ አዲስ መጻፍ አይጠበቅብንም።

ጋሼ፣ የቦርድ አባል፦
ልጆቼ፣ ሥራው መልካም ነው። ግን ይህን ጥያቄ ጉባኤው ላይ ብዙ ሰው ማንሳቱ አይቀርም፦ የራሳችን ሰው በስኳር እያለቀ ለምን ሌላ ሰፈር እንሄዳለን?

ጸሐፊ፦
ጋሼ፣ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በግልጽ መመለስም አለብን። ብዙዎቻችን ከነሱ ጋር አንድ ሕንጻ ውስጥ እንኖራለን፣ አንድ ሆቴልና አንድ ፓርኪንግ ውስጥ እንሠራለን፣ ልጆቻችን አንድ ክፍል ይማራሉ። ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 ባወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ሥር አገልግሎት ከሚሰጥባቸው ቋንቋዎች መካከል አማርኛና ስፓኒሽ ጎን ለጎን ናቸው። እነሱ በፕሮሞቶራ ሥራ ከኛ ብዙ ቀድመዋል። እኛ ነርሶችና ፋርማሲስቶች አሉን። የኛ ሰዎች አብረው ይሠራሉ፣ አሠራሩን ይማራሉ። በሚቀጥለው ዓመት በአማርኛ ስንጀምር ከዜሮ አንነሳም።

ጋሼ፦
እንዲህ ከሆነስ ደግ። ጉባኤው ላይ እኔው እናገራለሁ።

የምግብ ባለሙያ፦
ስለ ምግቡ ከአሁኑ እንስማማ። ማንም «ቶርቲያ ተዉ» እንዳይል፤ ቶርቲያ ቂጣቸው ነው። እንጀራ ተዉ ብንባል ማናችን እንሰማለን? ፑፑሳን ውሰዱ። የበቆሎ ሊጥ ነው፤ ውስጡ ቦሎቄ፣ አይብ ወይም የተጠበሰ የአሳማ ሥጋ ይሞላና ምጣድ ላይ ይጋገራል። ከጎኑ ኩርቲዶ ይቀርባል፤ በኮምጣጤ የራሰ ጥቅል ጎመን፣ ካሮትና ሽንኩርት ነው። ስለዚህ መልሱ እዚያው ገበታ ላይ አለ። አራት የሚበላ ሰው ሁለት ይብላ፣ የቦሎቄውን ያስቀድም፣ ኩርቲዶውን እጥፍ ያድርግ። ይህንን ደግሞ እኔ አይደለሁም የማስተምረው። ፑፑሳ ስትጋግር ያደገች ሴት በራሷ ኩሽና ታሳያቸው።

በጣም የሚያሳስበኝ መጠጡ ነው። አንድ ጣሳ ኮካ ኮላ 39 ግራም ስኳር አለው፤ አሥር የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው። ኦርቻታውም፣ ከሩዝ ወይም ከዘር የሚሠራው ጣፋጭ መጠጥ፣ ቤት ስለተሠራ ብቻ ጤናማ ይመስላቸዋል። መጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ ባዶ ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፣ አንዷ እናት ስኳሩን በማንኪያ እየቆጠረች ትጨምር። ምስል ያለበት ፖስተር ያንን አይተካም።

ኖፓልም መነሳቱ አይቀርም። የኛው የበለስ ተክል ነው፣ መነሻውም ሜክሲኮ ነው። እሾሁን አንስተው ለጋውን ቅጠል እንደ አትክልት ያበስሉታል፣ ለስኳርም ይጠቀሙበታል። ይብሉት፣ ጥሩ ነው። መድኃኒት ማስቆም ግን የለበትም።

ሲስተር፦
ስለ እምነታቸውም አንድ ነገር ልበል። ብዙዎቹ ስኳር በድንጋጤ ይመጣል ይላሉ፤ ሱስቶ ይሉታል። የኛም እናቶች «ልጄ ከሞተ በኋላ በድንጋጤ ያዘኝ» ይሉን የለ? ማንም እንዳይስቅባቸው። መጀመሪያ ታሪኩን እንስማ፣ ከዚያ ወደ ምግቡና ወደ እርምጃው እንሂድ። «ኢንሱሊን ያሳውራል» የሚሉም አሉ። ዘመዳቸው ኢንሱሊን የጀመረው ዓይኑ ከተጎዳ በኋላ ስለሆነ፣ ጥፋቱ ለመርፌው ተሰጠ። ፋርማሲስቶቻችን ለዚህ ተዘጋጅተው ይምጡ።

በእርግዝና ጊዜ ስኳር የታየባቸው እናቶች ደግሞ ቅድሚያ ይሰጣቸው። ከነዚህ ግማሽ ያህሉ በኋላ ዓይነት ሁለት ስኳር ይይዛቸዋል።

የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ፦
ፍርሃቱን አትርሱ። በ2019 የወጣው የፐብሊክ ቻርጅ ደንብ፣ የመንግሥት እርዳታ የተጠቀመ ስደተኛ ግሪን ካርድ ሊከለከል ይችላል የሚለው፣ ብዙ ቤተሰብ እዚህ ለተወለዱ ልጆቹ እንኳ ሜዲኬይድን፣ የመንግሥቱን የጤና መድን፣ እንዲተው አድርጓል። ደንቡ በ2021 ቢሻርም ፍርሃቱ አልተሻረም። ስለዚህ የኛ ፎርም ላይ የመኖሪያ ፈቃድ ጥያቄ አይኑር። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርም አይኑር። የመጠሪያ ስምና ስልክ ይበቃል። ገንዘብ ሰጪው ከዚህ በላይ ከጠየቀ ቀድመን እንወቅ፤ ያኔ ሌላ ገንዘብ ሰጪ እንፈልጋለን እንጂ ፎርሙን አንቀይርም።

ወንዶቹ ክፍል አይመጡም። እሁድ ኳስ ሜዳ ላይ ግን ሁሉም አሉ። ስለዚህ ከፕሮሞቶራዎቹ ሁለቱ ወንዶች ይሁኑና እዚያ ይሂዱ።

የሒሳብ ባለሙያ፦
እስካሁን የተባለውን ወደ በጀት ስመልሰው ትልቁ ወጪ ደመወዝ ነው፣ መሆንም ያለበት እሱ ነው። ፕሮሞቶራዎቹ በሰዓት ይከፈሉ። የስጦታ ካርድ ሰጥተን «በጎ ፈቃደኛ» ማለት ነውር ነው፤ ሌላ ፈረቃ ሲገኝላቸውም ጥለውን ቢሄዱ አይፈረድባቸውም። የአውቶቡስ ትኬት አስገብቻለሁ። ትምህርቱ ከሥራ ሰዓት በኋላ ስለሆነ ልጅ የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል፤ ለሷም ክፍያ ለብቻው መስመር ሰጥቻለሁ። ገንዘብ ሰጪዎች ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሰርዙት ይህን መስመር ስለሆነ፣ ከተሰረዘ እናቶቹ እንደማይመጡ ከሥሩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ።

ጸሐፊ፦
በጣም ጥሩ። የፕሮፖዛሉ ዋና አንቀጽ እንግዲህ እንዲህ ይሁን፦

«ሁለት ቡድን፣ በየቡድኑ 15 ሰው፣ አንድ ሙሉ ዓመት። የምንመዘነው ስንት ሰው እንደመረመርን ሳይሆን፣ ስንቱ እስከ መጨረሻው እንደቆየ፣ ስንቱ ክሊኒክ እንደደረሰና ስንቱ ክብደት እንደቀነሰ ነው።»

ዶክተር፣ የጥናቱን ክፍል እርስዎ ይጻፉልን። ሲስተር ሰባቱን ጥያቄዎች ያምጡ። አንቀጹ ወደ ስፓኒሽ ተተርጉሞ መጀመሪያ ለፕሮሞቶራዎቹ ይነበብላቸው። እነሱ «ይህ አይሆንም» ያሉት ከወጣ በኋላ ነው ለቦርድ የሚቀርበው።

ሲስተር፦
ሲነበብላቸው እኔም ልገኝ። የማስተርጎም ክፍያውንም በጀቱ ውስጥ ያስገቡልኝ።