ጥቆማ፦ ጅማ ውስጥ የእጅ ሥራ ቢላዋ ለምትፈልጉ፤ ስለቱ ከማን፣ እጀታው ከምን?

«ጅማ ውስጥ ጥሩ የእጅ ሥራ ቢላዋ የት አገኛለሁ?» የሚል ጥያቄ ስለበዛ፣ የማውቀውን ሰብሰብ አድርጌ ልጻፈው። ዋናው ምክሬ አንድ ነው፤ ያለቀለት ቢላዋ ከአንድ ሰው አትግዙ። ስለቱን ቀጥቃጭ ጋ አሠሩ፣ እጀታውን አናጢ ጋ። የከተማችን ቀጥቃጮች ብረት ያውቃሉ፤ እጀታው ላይ ሲደርሱ ግን ብዙዎቹ ይቸኩላሉ። አናጢው ደግሞ እንጨቱን አሳምሮ ያውቀዋል። ሁለቱን ያገናኘ ሰው ሱቅ ውስጥ የማይገኝ ዕቃ ይዞ ይወጣል።

ዋጋ አልጽፍም። የዛሬው ዋጋ ለሚቀጥለው ሐሙስ ገበያ አይሠራም።

መጀመሪያ ብረቱ። ገበያ ላይ ተደርድሮ የምታዩት ቢላዋ ከባሌስትራም (ከመኪና ተደራራቢ የስፕሪንግ ብረት) ሊሆን ይችላል፣ ከፌሮም፣ ከተገኘ ቁርጥራጭም። ሁሉም ከተወለወለ በኋላ አንድ ዓይነት ያብረቀርቃል። ልዩነቱ የሚታወቀው ቤት ገብቶ ሽንኩርት ሲከተፍበት ነው። ፌሮ ለግንባታ የተሠራ ብረት ነው፤ ካርቦኑ ትንሽ ስለሆነ በእሳት ቢግልና ቢነከርም እንደሚፈለገው አይጠነክርም። ሲሳል ይሳላል፣ ግን ስለቱ ወዲያው ይተኛል። ላሜራም ያው ነው። የመኪና ባሌስትራ ካርቦኑ ከ0.5 እስከ 0.6 በመቶ አካባቢ ስለሆነ ይጠነክራል፤ ቢመታም በቀላሉ አይሰበርም። ያረጀ ሞረድ ደግሞ ካርቦኑ 1 በመቶ ገደማና ከዚያ በላይ ነው። በጣም የሚቆርጥ ስለት ይወጣዋል፣ ግን ሠሪው ካልተጠነቀቀ ይሸረፋል። ለመጀመሪያ ቢላዋ ባሌስትራ ይሻላል።

ስለዚህ ባሌስትራውን ራሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ጋራዥም፣ ቁራሌው ጋም አይጠፋም። ከተሰበረበት ቦታ ራቅ ያለውን ክፍል ምረጡ፤ ብዙ የሠራ ባሌስትራ ዓይን የማያየው ስንጥቅ ሊኖረው ይችላል። ግራይንደር ያለበት ቤት ከሆናችሁ የእሳት ፍንጣሪውን እዩ። ካርቦን የበዛበት ብረት ፍንጣሪው እየተበተነ ቅርንጫፍ ያወጣል። የፌሮ ፍንጣሪ ረጅምና ቀጥ ያለ ነው፤ ብዙም አይበተንም።

ቀጥቃጩ ጋ ስትደርሱ በአክብሮት ጀምሩ። ለታላቅ ሰው «ጋሼ»፣ ኦሮምኛ ተናጋሪ ከሆኑ «ኦቦ» ማለት ምንም አያስከፍልም። ብረት ሠሪን ዝቅ አድርጎ ማየት ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፤ እነሱም ገና ስትጠጉ ያውቁታል። «ጋሼ፣ ከዚህ ባሌስትራ የወጥ ቤት ቢላዋ ቢሠሩልኝ፤ ጅራቱን ሰፋ አድርገው እስከ እጀታው ጫፍ ይተዉልኝ» በሏቸው። ጅራት ያልኩት እጀታው ውስጥ የሚገባውን ክፍል ነው። ቀጭንና አጭር ከሆነ ቢላዋው አንገቱ ላይ ይሰበራል፣ ወይም እጀታው ውስጥ መዞር ይጀምራል።

ሌላው፣ የሪቬቱ (እጀታውን ከጅራቱ ጋር የሚያያይዘው ችንካር) ቀዳዳዎች ብረቱ ከመጠንከሩ በፊት ይበሱ። ከጠነከረ በኋላ ድሪሉ ነው የሚያልቀው። የጋለውን ብረት ውሃ ውስጥ መንከር ደግሞ ብዙ ሠሪ የለመደው ነገር ነው። ለገጀራ አንዳንዴ ያዋጣል፤ ቀጠን ላለ የባሌስትራ ቢላዋ ግን ስንጥቅ ያመጣል። ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ሞቅ ያለ የምግብ ዘይት በጣሳ ይዛችሁ ብትሄዱ ማንም አይከፋም። የተቃጠለ የሞተር ዘይትም ይሠራል፣ ጭሱ ግን ለሳንባ አይሆንም። መቼ እንደሚነከር ለማወቅ ማግኔት ይበቃል፤ ብረቱ 770 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ማግኔት መሳብ ያቆማል። ከዚያ ትንሽ ከፍ አድርጎ መንከር ነው። የቆዩ ባለሙያዎች ግን ማግኔት አይፈልጉም፣ ከቀለሙ ያውቁታል። በዚህ ከእነሱ ጋር አትከራከሩ።

ከተነከረ በኋላ መለዘብ አለበት፤ ማለትም ቶሎ እንዳይሰበር በመጠኑ እንደገና ይሞቃል። ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ይህ ነው። የዳቦ ኦቨን 200 ዲግሪ ላይ አድርጋችሁ አንድ ሰዓት፣ ከዚያ ቀዝቅዞ እንደገና አንድ ሰዓት። የተወለወለው ብረት ፈዛዛ የገለባ ቀለም ሲይዝ ደርሷል። ይህን ቤት ውስጥ ራሳችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ። መጠንከሩን ለማረጋገጥ፣ ከመለዘቡ በፊት አዲስ ሞረድ ስለቱ ላይ አሹበት። ከተንሸራተተ ጥሩ ነው። እየነከሰ ብናኝ ካወጣ፣ ወደ እሳቱ ይመለስ።

ብየዳ ቤት ሄዳችሁ «ቢላዋ ቅረጹልኝ» የምትሉ ሰዎች አላችሁ። አልመክርም። ፈጣን ነው፣ ቅርጹም ያምራል፤ ግን ግራይንደሩ ጫፉን ያቃጥለዋል። ስለቱ ላይ ሰማያዊ ቀለም ካያችሁ እዚያ ቦታ ላይ ጥንካሬው ሄዷል ማለት ነው። የተበየደ ቱቦ እጀታ ደግሞ ሳሙና በነካው እጅ አይያዝም።

ቢላዋ አጥቦ ሳያደርቅ የሚያስቀምጥ ሰው ቤት ካለ፣ በቃ ከሱቅ የማይዝግ ባለ ፕላስቲክ እጀታ ግዙ። ይህን የምለው ከልቤ ነው። የባሌስትራ ቢላዋ ሎሚና ሽንኩርት ነክቶት አንድ ሌሊት ካደረ ይዝጋል።

አሁን ወደ እጀታው። ጅማ የእንጨት ከተማ ናት። ባለ ሦስት እግሩ በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣባት ከተማ ውስጥ የእጀታ እንጨት ማጣት አይቻልም። ችግሩ እርጥበቱ ነው። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ በሚዘንብበት አገር፣ አናጢው «ደርቋል» ሲላችሁ ለወንበር ደርቋል ማለቱ ነው። ለእጀታ አይበቃም። እርጥብ እንጨት ከብረቱ ጋር ከታሰረ በኋላ ሲደርቅ ይሸሻል (ይኮማተራል)፤ ብረቱ በጠርዙ ወጥቶ መዳፍ ይቧጭራል። ቢላዋውን ይዞ አዲስ አበባ ወይም ደረቅ ቆላ የሄደ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። መፍትሔው ቀላል ነው። ቁርጥራጩን ቤት ውስጥ አየር የሚያገኝበት ቦታ አስቀምጡ፣ በየሳምንቱ በወጥ ቤት ሚዛን መዝኑት። ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ይሠራበት። ምድጃ አጠገብ አድርጎ ማጣደፍ ግን ያሰነጥቀዋል።

ከሁሉም የምመርጠው ወይራ ነው። ከባድ፣ ጠንካራ፣ በተፈጥሮው ቅባት ያለው፣ ሲወለወል ጥቁር ቡናማ መስመሩ የሚወጣ። ውሃ ቶሎ አይጠጣም። የት ይገኛል? አናጢ ቤት ካጣችሁ፣ ለወተት ዕቃ ማጠኛ እንጨት የሚሸጡት እናቶች ጋ ሂዱ። ከእስሩ ውስጥ ወፈር ያለውን፣ ቀጥ ያለውንና መሐሉ የጠቆረውን መርጣችሁ ግዙ። «ለጭስ ነው?» ብለው ይጠይቋችኋል። ለቢላዋ ነው ስትሉ ይስቃሉ፣ ግን የተሻለውን መርጠው የሚሰጧችሁም እነሱ ናቸው። ሁለቱን ጫፎች ሰም ቀብታችሁ አድርቁት፣ አለበለዚያ ከጫፉ ጀምሮ ይሰነጠቃል። ሲፈጭ ብናኙ አፍንጫ ስለሚያሳክክ ማስክ አድርጉ።

ቀጥሎ የቡና እንጨት። ጅማ ተቀምጦ ይህን አለመሞከር ያሳዝናል። ያረጀ ቡና ሲጎነደል የሚወድቀው ግንድ አብዛኛውን ጊዜ ማገዶ ነው የሚሆነው። እንጨቱ ግን ጠንካራ፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ ቢጫ የሚመታ ነጣ ያለ ቀለም ያለው ነው። ሲወለወል ልስልስ ይላል። ችግሩ ውፍረቱ ነው። ሰፊ ሳንቃ አይወጣውም፤ ስለዚህ መሐሉ ተበስቶ ጅራቱ ለሚገባበት ዓይነት እጀታ ነው የሚስማማው። ለዚህኛው ዓይነት ቀጥቃጩ ጅራቱን ጠበብ አድርጎ ግን ረጅም አድርጎ ይተወው። ቡና ያለው ዘመድ ካላችሁ የጉንደላ ወቅት ላይ ወፍራሙን ግንድ አስቀምጡልኝ በሉ። ልጣጩን ሳታነሱ ጫፉን በሰም ዝጉና ለብዙ ወራት እርሱት።

ዋንዛ በየአናጢው አለ፣ ቀለሙም ያማልላል። ለእጀታ ግን ለስላሳ ነው፤ በቀላሉ ይጎደጉዳል፣ ውሃም ይጠጣል። ለግድግዳ ጌጥ ወይም ለፍራፍሬ ቢላዋ ይሁን። ባህር ዛፍ ለገጀራና ለመጥረቢያ ነው፣ ወጥ ቤት አያምርም። ዝግባና ጽድም ለስላሳ ናቸው። አደራ ብቻ፣ የአገር በቀል ዛፍ ቁርጥራጭ ከአናጢ ቤት ውሰዱ እንጂ ለአንድ እጀታ ብላችሁ ከደን አትቁረጡ። ከመንግሥት ደን መቁረጥ በሕግም ያስጠይቃል።

«ቀንድስ?» የምትሉ ብዙ ናችሁ። ቀንድ ቆንጆ ነው፣ ከሉካንዳ በርካሽ ይገኛል። ግን ሥራ አለው። መጀመሪያ ተቀቅሎ የውስጡ አጥንት ይወጣል፤ ሽታውን ጎረቤት ሁሉ ይሰማዋል። ከዚያ ገና ትኩስ እያለ በሁለት ብረት መሐል ሞርሳ ላይ ተጨምቆ ይቀዘቅዛል፣ ያኔ ጠፍጣፋ ይሆናል። በደንብ ካልደረቀ ተመልሶ ይጣመማል። ሙቅ ውሃ አይወድም። ነፍሳት ይበሉታል፣ ውሻም አይምረውም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ተወልውሎ ቅባት ከነካው ያንሸራትታል፤ ለጥሬ ሥጋ ቢላዋ ይህ አደጋ ነው። እንግዳ ሲመጣ ብቻ ለሚወጣ ቢላዋ ይሁን። አጥንት ደግሞ ቅባቱ በደንብ ካልወጣ ይሸታል፣ ብናኙም መጥፎ ነው። እኔ አልደክምበትም።

ውሃ ለሚበዛበት ወጥ ቤት አንድ ያልተለመደ ነገር ልጠቁም። አቡጀዲ ወይም ያረጀ ጂንስ ጨርቅ ቆራርጣችሁ እያንዳንዱን ድርብ በኢፖክሲ ማጣበቂያ አርሱና ደራርቡት፤ በሁለት ሳንቃ መሐል አጥብቃችሁ አንድ ቀን አሳድሩት። ውጪ አገር ማይካርታ የሚሉት ይኸው ነው። አይሸሽም፣ አያብጥም፣ እርጥብ እጅም ይይዘዋል። የቡና ቃጫ ጆንያም ይሆናል፣ መልኩም ደስ ይላል፤ ግን ሽመናው ሳሳ ያለ ስለሆነ ብዙ ኢፖክሲ ይበላል። ውድ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

ለመገጣጠሙ የአናጢ ኮላ አትጠቀሙ፤ ብረት ላይ አይይዝም። ባለ ሁለት ቱቦ ኢፖክሲ ግዙ፣ ቢቻል በአምስት ደቂቃ የሚደርቀውን ሳይሆን 24 ሰዓት የሚፈልገውን። ብረቱን በሻካራ ብርጭቆ ወረቀት አሻክሩ፣ በአልኮል ጥረጉ። ወይራ ከሆነ እንጨቱንም ከመለጠፋችሁ በፊት ወዲያው በአልኮል ጥረጉት፣ ቅባቱ ኢፖክሲውን ይገፋል። ሞርሳው ላይ እስኪያለቅስ አትጭመቁት፤ ሙጫው ሁሉ ይወጣና ባዶውን ይቀራል። ጅራቱን አግሎ እንጨቱን እያቃጠሉ መክተት የቆየ ዘዴ ነው፣ ፈጣንም ነው። ግን ዙሪያው ከሰል ስለሚሆን ክረምት አልፎ በጋ ሲመጣ መላቀቁ አይቀርም።

ለመጨረሻው ቅባት ንጹሕ የተልባ ዘይት ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ ጥረጉ፣ ጥቂት ቀን ጠብቃችሁ ድገሙት። የፓልም ዘይት አይደርቅም፣ እንደተጣበቀ ይቀራል። በላዩ ላይ ሰም ይሂድበት። ጠጅ ቤት የምታውቁት ሰው ካለ ሰፈፍ ጠይቁ፤ በሙቅ ውሃ አቅልጣችሁ ስታጠሩት ጥሩ ሰም ይወጣዋል። ዘይቱ የነካው ጨርቅ ተጨምድዶ ከተጣለ በራሱ ሙቀት ሊቀጣጠል ስለሚችል ዘርግታችሁ አድርቁት። በቆዳ ሰገባ ከትቶ ማስቀመጥም ይቅር፣ ቆዳ እርጥበት ይይዛል።

መሳል ላይ፣ በሞተር ድንጋይ የሚስሉት ፈጣን ናቸው፣ ግን ብረቱ እንዳይግል ውሃ እያስነኩ እንዲሠሩ ንገሯቸው። ቤት ውስጥ የመሳያ ድንጋይ ከሌላችሁ፣ የሲኒ ቂጥ ላይ ያለው ያልተቀባ ቀለበት ስለቱን በደንብ ያስተካክለዋል። ለወጥ ቤት በየጎኑ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ይበቃል። አጥንት የሚመታበት ከሆነ 25 ይሁን።

ያልተፈታልኝ ሪቬቱ ነው። የናስ ዘንግ ጅማ ላይ እንደልብ አይገኝም። እኔ ከኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር ወፍራም ነጠላ የመዳብ ሽቦ ቆርጬ እጠቀማለሁ፤ ይይዛል፣ ግን ለስላሳ ስለሆነ ሲቀጠቀጥ ቶሎ ይጎብጣል። በመርካቶም ሆነ በቆጪ ሰፈር በኩል የናስ ዘንግ በሜትር የሚሸጥ የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልን። ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ይበቃል።