ሌሊቱን ሙሉ ስሌት የሚችል ላፕቶፕ፦ ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ ምከሩኝ

የቦርከና ልጅ
እንዴት ከረማችሁ? ኮምቦልቻ የማስተርስ ተማሪ ነኝ፤ ቤተሰብ ደሴ ሆጤ ስለሆነ ሳምንቱን በሚኒባስ ስወጣ ስወርድ ነው የማሳልፈው። የመመረቂያ ሥራዬ በቦርከና ተፋሰስ ላይ ነው። የወንዙን ፍሰት በስዋት፣ ጎርፉን በሄክ-ራስ እየሠራሁ ነው (ሁለቱም የውኃ ሞዴል ሶፍትዌሮች ናቸው)። የተጣበቅኩት ካሊብሬሽኑ ላይ ነው፤ ማለትም ውጤቱ ከተለካው ፍሰት እስኪገጥም የሞዴሉን ቁጥሮች እየቀያየሩ ደጋግሞ ማስኬዱ ላይ። አሁን ባለኝ ላፕቶፕ አንዱ ራን (ሞዴሉን አንድ ጊዜ ማስኬድ) 2 ደቂቃ ተኩል ይፈጃል። በዙር 500 ራን፣ 4 ዙር ስል 2,000 ራን፣ ማለት 83 ሰዓት። ሦስት ቀን ተኩል መብራት የማይጠፋበት ሰፈር የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ፣ ቤት ልከራይ።

ላፕቶፑ ሲጀምር ደህና ነው። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ፋኑ እንደ ወፍጮ ቤት ይጮሃል፣ ከዚያ ይንቀራፈፋል። እቁብ ወጥቶልኝ 140 ሺህ ብር ይዣለሁ። አንድ ሻጭ አርቲኤክስ 4060 ግራፊክስ ካርድ ያለው ስስ ጌሚንግ ላፕቶፕ አሳይቶኝ «ይኼ አውሮፕላን ነው» ብሎኛል። ልግዛው?

ጦሳ ሥር
ወንድሜ በዚህ ብር ዴስክቶፕ ግዛና ገላገል በል። ለረጅም ሰዓት ስሌት ላፕቶፕ ምንም ቢሆን ዴስክቶፕን አያክልም፤ ሙቀቱ የሚወጣበት ቦታ የለውማ።

የቦርከና ልጅ
እህትህ ነኝ 😄 ልክ ነህ፣ ግን ሁለት ከተማ እየኖርኩ ዴስክቶፕ በሚኒባስ ማን ይጭንልኛል? መስክም እወጣበታለሁ።

ኮር ቆጣሪ
አብሽሪ እህቴ፣ መጀመሪያ ሥራሽን እንለየው። ስዋት 2012 አንዱን ራን በአንድ ኮር (የፕሮሰሰሩ አንድ የስሌት ክፍል) ብቻ ነው የሚሠራው። ባለ 16 ኮር ብትገዢም ያው አንድ ራን በአንድ ኮር ነው። የምታተርፊው ብዙ ራን ጎን ለጎን ስታስኬጂ ነው። የስዋት ፋይሎች ያሉበትን የፕሮጀክቱን ቲኤክስቲ-ኢንአውት ፎልደር 7 ቦታ ኮፒ አድርጎ 7 ራን በአንዴ የሚለቅ አጭር የፓይተን ስክሪፕት ይበቃሻል። ስለዚህ የሚያስፈልግሽ 8 እውነተኛ ኮር ያለውና ስምንቱም ለሰዓታት ሲሠሩ ፍጥነቱን የማይጥል ማሽን ነው። ስምንተኛውን ለዊንዶውስ ተዪለት።

ግራፊክስ ካርዱ ለስዋት ምንም አይጠቅምም። ሄክ-ራስም አሁን በምንጠቀምበት መልኩ ስሌቱን የሚሠራው በሲፒዩ (በዋናው ፕሮሰሰር) ነው። በዚያ ላይ የጌም ካርዶች ለሳይንስ ስሌት በምንፈልገው ደብል ፕሪሲዥን (ብዙ አሃዝ ይዞ የሚሰላ ስሌት) ደካማ ናቸው፤ የአርቲኤክስ 30ና 40 ተከታታዮች የሚሰጡት ከሲንግል ፕሪሲዥን ፍጥነታቸው 1/64ኛውን ነው። ሻጩ አውሮፕላን ያለሽ ለጌም ነው። ዲፕ ለርኒንግ ብትሠሪ ሌላ ነገር እንላለን።

የፕሮሰሰሩን ስም ስታዪ መጨረሻው ላይ ያለውን ፊደል እዪ። «ዩ» ያለው በአብዛኛው 15 ዋት ላይ የተነደፈ ነው፣ ለቢሮ ሥራ። «ኤች» ያለው 45 ዋት አካባቢ፣ «ኤችኤክስ» ከዚያም በላይ። ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ትልቁን ጊጋኸርዝ እርሺው፤ እሱ አንድ ኮር ለአፍታ የሚደርስበት ነው።

አዲሶቹ ኢንቴሎች ላይ ደግሞ ጠንቀቅ በይ። ኮሮቹ እኩል አይደሉም። ለምሳሌ ኮር አይ7-13700ኤች 14 ኮር ይባላል፣ 6ቱ ጉልበተኛ፣ 8ቱ ቆጣቢ ናቸው። ራኖቹን አስቀድሞ እኩል የሚያከፋፍል ፕሮግራም ከተጠቀምሽ ጉልበተኞቹ ጨርሰው ቆጣቢዎቹን ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ።

ጠጋኙ
ደሴ ፒያሳ ጥገና ላይ ነኝ። የሙቀቱን ነገር ለኔ ተዉት።

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። ደሴ ብርድ ስለሆነች ለላፕቶፕ ገነት ናት ይላሉ። ግማሹ እውነት ነው። እዚህ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ሲነጻጸር በሩብ ገደማ የሳሳ ነው፤ ፋኑ ያንኑ ያህል ቢሽከረከርም ይዞት የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። ብርዱ ያካክሰዋል እንጂ ትርፍ የለውም። ኮምቦልቻ ደግሞ አየሩ ትንሽ ይወፍራል፣ ግን ከሰዓት በኋላ ያለውን ወበቅ ታውቂዋለሽ። ስለዚህ ውጭ አገር የተለካ የዩቲዩብ ውጤት አይተሽ እዚህም ያንኑ አገኛለሁ አትበይ። ስስ ላፕቶፕ ደግሞ ጭራሽ አትግዢ።

አሁን ያለሽ «ሩብ ሰዓት ሳይሞላ» ያልሽው ላፕቶፕ ከመጣሉ በፊት ይከፈት። ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ ያመጣውን ስከፍት፣ በፋኑና በብረት ክንፎቹ መሀል አቧራው እንደ ሱፍ ጨርቅ ተጋግሮ ነበር። በወረንጦ ስስበው አንድ ወጥ ሆኖ ወጣ። ከላይ ሲያዩት ንጹሕ ነው! ተርማል ፔስቱም (የፕሮሰሰሩን ሙቀት የሚያስተላልፈው ቅባት) ደርቆ ቅርፊት ሆኗል። ልጁ አልጋ ላይ ጋቢ አንጥፎ ነበር የሚሠራበት። በጸዳና ፔስቱ በተቀየረ ጊዜ ጩኸቱም ቀረ።

ስትገዢ ሱቁ ውስጥ እንዲህ አድርጊ። ቻርጀሩን ሰክተሽ ፕሮሰሰሩን የሚያስጨንቀውን መፈተኛ፣ ሲኒቤንች አር23ን፣ የ10 ደቂቃውን ልቀቂ፣ ሙቀትና ፍጥነት የሚያሳየውን ኤችደብሊውኢንፎን ጎን ክፈቺ። የመጀመሪያውን ደቂቃ አትመኚው። ከ8ኛው ደቂቃ በኋላ ሁሉም ኮሮች ስንት ጊጋኸርዝ ላይ እንደረጉ ጻፊ። 100 ዲግሪ ላይ ተጣብቆ ፍጥነቱን እያወረደ ከሆነ ሂጂ። «ባትሪ ላይ ሞክሪው» የሚል ሻጭ ካለ ሳቂበት፤ ጉልበተኛ ላፕቶፕ ከሶኬት ሲነቀል ራሱን ያሳንሳል።

ሐይቅ ዳር
መብራቱን ማንም አላነሳውም እኮ። የላፕቶፕ ባትሪ በአውሮፕላን ሕግ ምክንያት ከ100 ዋት-ሰዓት አያልፍም። 100 ዋት እየሳበ የሚሠራ ላፕቶፕ አንድ ሰዓት አይሞላም ማለት ነው፣ ያውም ባትሪው አዲስ ከሆነ። ስለዚህ ስክሪፕትሽ እያንዳንዱ ራን እንዳለቀ ውጤቱን ፋይል ላይ ይጻፍ፤ ስትመለሺ ከቆመበት ይቀጥል። ዊንዶውሱን ደግሞ ባትሪው 10 ፐርሰንት ሲደርስ ሀይበርኔት እንዲገባ (ሥራውን ዲስክ ላይ አስቀምጦ እንዲጠፋ) አድርጊው። እኔ ይህን ሳላደርግ ከ500 ራን 460ው ላይ መብራት ሄዶ ከዜሮ ጀምሬያለሁ። ያን ለሊት ምን እንዳልኩ አልጽፈውም።

ጦሳ ሥር
እህቴ ይቅርታ 😄 ጉግል ኮላብስ? የጉግልን ኮምፒውተር በኢንተርኔት መጠቀም ነው፣ ነጻ ነው።

ኮር ቆጣሪ
ነጻው ኮላብ የሚሰጠው ጥቂት ኮር ነው፣ ቢበዛም ከ12 ሰዓት በኋላ ይዘጋባታል። ለሷ ሥራ አይሆንም።

አንድ የረሳሁት፦ ራም 32 ጊጋ ይሁን፣ ባለ 16 ሁለት ስቲክ። ስዋት ራም አይበላም፣ ሄክ-ራስና ጂአይኤሱ (የካርታ ሶፍትዌሩ) ግን ይበላሉ። አንድ ስቲክ ብቻ ያለው ማሽን የሜሞሪ መንገዱ ግማሽ ነው፣ ሄክ-ራስ ላይ ይታወቅሻል። ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ እንዳይሆንም ጠይቂ።

ደግሞ ገንዘብ ሳታወጪ ልታደርጊው የምትችዪው አለ። ስዋት በየራኑ ብዙ የጽሑፍ ፋይል ያነባል፣ ይጽፋል። ፋይል-ሲአይኦ በሚባለው የስዋት ማስተካከያ ፋይል ውስጥ አይፕሪንት 1 ከሆነ በየቀኑ ነው የሚጽፈው። የምታነጻጽሪው የወር ፍሰት ከሆነ 0 አድርጊው። የማትፈልጊያቸውን የኤችአርዩ (የተፋሰሱ ትንንሽ ክፍሎች) ውጤቶችም ቀንሺ። ዊንዶውስ ዲፌንደር እያንዳንዷን ፋይል እየከፈተ ስለሚፈትሽ ያንን የሥራ ፎልደር ብቻ ከፍተሻው አውጪው።

የቦርከና ልጅ
ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ፣ የሆነውን ልንገራችሁ። ያንን «አውሮፕላን» ሱቅ ውስጥ ፈተንኩት፤ በ4.1 ጊጋኸርዝ ጀምሮ 6ኛው ደቂቃ ላይ 2.6 ገባ። ሻጩ «ክፍሉ ሞቆ ነው» አለኝ። ደሴ፣ በሐምሌ!

በመጨረሻ ያገለገለ ሌኖቮ ሌጂዮን 5 አገኘሁ፣ ራይዘን 7 5800ኤች፣ 8 ኮር። ወፍራም ነው፣ ቻርጀሩ ብቻውን ጡብ ያክላል፣ ሚኒባስ ላይ ታቅፌው ነው የምወርደው። 10ኛው ደቂቃ ላይ 3.8 ላይ ረግቶ ቆየ። ራሙን 32 አስደረግኩ፣ ጠጋኙ ባለው መሠረት ፔስቱን አስቀየርኩ። ከኋላ ሁለት የለስላሳ ቆርኪ አድርጌ ከፍ አድርጌዋለሁ።

አይፕሪንቱን ቀይሬ 7 ራን በአንዴ ስለቅ ሰባቱም በ2 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ ያልቃሉ። 500ው በ2 ሰዓት ተኩል! መብራት ሁለቴ ጠፍቶ ነበር፣ ስክሪፕቱ ከቆመበት ቀጠለ። ሐይቅ ዳር፣ እድሜ ይስጥህ።

ጠጋኙ
ደግ አደረግሽ። ካሊብሬሽኑስ?

የቦርከና ልጅ
4ቱም ዙር አለቀ። ናሽ-ሰትክሊፍ (ሞዴሉ ከተለካው ፍሰት ጋር መግጠሙን የሚለካው፣ 1 ፍጹም ነው) 0.38 😅 አሁን በላፕቶፑ የማሳብብበት ምክንያት አለቀብኝ፣ የዝናብ ጣቢያዎቹን ዳታ ልፈትሽ ነው።