ሁልጊዜ ከኋላ የቀረሁ ይመስለኛል፤ እናንተ እንዴት ትችሉታላችሁ?

የሰሚቷ

ሰላም ለሁላችሁ። የሞባይል አፕ እሠራለሁ። የጀመርኩት በጃቫ የኮድ ቋንቋ ነው። ጃቫው ገና እጄ ሲገባ ጎግል በፈረንጆቹ 2019 አንድሮይድ ላይ ቅድሚያው ለኮትሊን ቋንቋ ነው አለ። ኮትሊን ተማርኩ። መሥሪያ ቤት ስቀይር ደግሞ ሥራው በሙሉ ፍላተር (በዳርት ቋንቋ የሚጻፍ የአፕ መሥሪያ) ሆኖ ጠበቀኝ። እሺ ብዬ ዳርት ጀመርኩ። ትንሽ ተደላደልኩ ስል በ2021 ነል ሴፍቲ (ባዶ ዋጋን በግልጽ ካላሳወቅሽ የማይቀበል የዳርት ደንብ) መጣና የድሮው ኮዴ ቀይ በቀይ ሆነ። አሁን አለቃዬ «ይሄንን እኮ ኤአይ በአንድ ቀን ይጽፈዋል» ማለት ጀምሯል።

ማታ ልጄን ካስተኛሁ በኋላ ዩቲዩብ ላይ እማራለሁ፣ መብራት ካለ። ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ልጆቹ በየሳምንቱ ሰምቼው የማላውቀውን ስም ይጠራሉ። ዝም ብዬ አነባለሁ። እስቲ እውነቱን ንገሩኝ፤ ሁሉንም የሚከታተል ሰው አለ? ወይስ ሁላችንም እያስመሰልን ነው?

ገና_ተመራቂ

እያስመሰልን ነው 😂 እኔ ለምሳሌ ሲቪዬ ላይ ዶከር (ፕሮግራምን ከነሚያስፈልገው ጠቅልሎ የሚያስነሳ መሣሪያ) ብዬ ጽፌያለሁ። ጫን ብለው እንዳይጠይቁኝ ነው ጸሎቴ። ምን ላድርግ? ማስታወቂያው «ጁኒየር» ይልና ሪአክት፣ ኖድ፣ ፍላተር፣ ዶከር ይደረድራል። በአንድ ሰው ደሞዝ አራት ሰው ነው የሚፈልጉት።

አሮጌ_ኮድ

እንደምን ሰነበትሽ እህቴ። እኔ በዚህ ሥራ ጸጉሬን ሸብቻለሁ፤ ሁሉንም የሚከታተል ሰው ግን አላየሁም። እከታተላለሁ የሚል አይቻለሁ።

አንድ ጊዜ የትምህርት ቤት ሲስተም በአንጉላር ጄኤስ (የዌብ ገጽ መሥሪያ ነው) ሠራሁ። በፈረንጆቹ 2016 አንጉላር 2 ወጣ። ከድሮው ጋር የሚያገናኘው ስሙ ብቻ ነው፤ ኮዱን እንደ አዲስ ካልጻፍሽ አይሆንም። የአሮጌው ድጋፍ በ2021 መጨረሻ ተቋረጠ። ያኔ አንጉላር ብቻ ይዘው የነበሩ ጓደኞቼ ተንገበገቡ። ከሥር ያለው የዳታቤዝ ሥራ ግን አንድም መስመር አልተነካም። የዳታቤዝ ቋንቋው ኤስኪውኤል ከ1970ዎቹ ጀምሮ አለ። የኮድ ለውጥ የምንመዘግብበት ጊት ራሱ በ2005 የወጣ ነው፤ ዛሬም እሱን ነው የምንጠቀመው። እኔ ጊዜዬን የማጠፋው እንደነዚህ ባሉት ላይ ነው። የላዩን ሥራው ሲመጣ እማረዋለሁ።

ስለ ኤአይ ላነሳሽው፣ በቅርቡ የገጠመኝን ልንገርሽ። የአንድ ቁጠባና ብድር ማኅበር ሲስተም አስተካክል ተብዬ ተሰጠኝ። ችግሩ ጥቅምት 30 የተከፈለ ብር አይመዘገብም። የሌላው ወር 30 ግን ይገባል። ገብቼ ሳየው ሠሪው የኢትዮጵያን ቀን እንዳለ የዳታቤዙ የቀን ዓምድ ውስጥ ይከተዋል። ጥቅምት ሁለተኛ ወር ነው አይደል? ዳታቤዙ 02-30ን ሲያይ «ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን የለም» ብሎ ይመልሰዋል። ጳጉሜንማ ወር 13 ስለሆነች ጭራሽ በሩን አታልፍም።

ኤአይውን ቀን መቀየሪያ ጻፍልኝ አልኩት። በደቂቃ ጻፈው፤ ሲያዩት ያምራል። ጳጉሜን 6 ቀን 2015ን ስሰጠው ግን «ስህተት ቀን» አለኝ። ዓመቱ ለ4 ያለ ቀሪ ሲካፈል ነው ጳጉሜን 6 የምትሆነው ብሎ ነበር የጻፈው፤ ከፈረንጁ አቆጣጠር ወስዶ መሆን አለበት። የእኛ 3 ሲተርፍ ነው። ኮድ አይታ የማታውቀው እናቴ እንኳ ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ ጳጉሜን 6 እንደምትሆን ታውቃለች። ስለዚህ አለቃሽ መጻፉን ነው ያየው። ትክክል መሆኑን ማን ያያል በዪው።

ገና_ተመራቂ

ጋሼ፣ ለእርስዎ ይቀልልዎታል፤ ደንበኛ አለዎት። እኔ «ኤስኪውኤል በደንብ አውቃለሁ» ብል ማን ለኢንተርቪው ይጠራኛል?

አሮጌ_ኮድ

ልክ ነህ ልጄ፣ እሱን አልክድም። ማስታወቂያ የሚጽፈው ብዙ ጊዜ ኮድ የሚጽፈው ሰው አይደለም። የሚጠይቁትን ስም ቅመስ፣ ግን አንዱን እስከ ታች ውረድበት። ዶከሩንም እባክህ ቅዳሜ ቁጭ ብለህ ሞክረው፤ ለመነሻ የሚሆንህን በአንድ ቀን ትይዘዋለህ።

ለእህታችን፦ አዲስ ነገር ሲመጣ እኔ የምጠይቀው «ባልማረው ምን ይቆምብኛል?» ብዬ ነው። ለምሳሌ ጎግል ፕሌይ ታርጌት ኤፒአዩን (አፑ የተዘጋጀለትን የአንድሮይድ ደረጃ) በየዓመቱ ከፍ አድርጉ ይላል። ካላደረግሽ አፕዴት ፕሌይ ላይ መጫን አትችይም፤ ይሄ የግድ ነው። ቴሌግራም ላይ ያየሽው ስም ግን ስድስት ወር ቢቆይ ማንም አይከስሽም። ግማሹ እስከዚያ ይረሳል። ማታ ማታም ተኚ። ትምህርቱን ከሥራ ሰዓት ላይ ጠይቂ፤ የሚጠቀመው መሥሪያ ቤቱም ነው።

የሰሚቷ

እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። የሥራ ሰዓቱን ነገር ሰኞ እሞክረዋለሁ፤ አለቃዬ ምን እንደሚል ግን አሁንም ይታየኛል 😅 አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ የጥቅምት 30ውን በመጨረሻ እንዴት አደረጉት? እኛም የክፍያ አፕ እየሠራን ነው፤ ቀን የሚመዘግብበትን ገና አልነካሁትም።

አሮጌ_ኮድ

ዳታቤዙ ውስጥ በፈረንጁ አቆጣጠር ብቻ አስቀምጪ። ወደ ኢትዮጵያ የሚቀየረው ስክሪን ላይ ሲወጣ ነው፤ ደረሰኝ ላይም እንደዚያው። ቴስትሽ ውስጥ ጥቅምት 30ን፣ ጳጉሜን 5ን፣ ጳጉሜን 6 ቀን 2015ን አስገቢ። መስከረም 1 ቀን 2016 ሴፕቴምበር 12 ላይ ካላረፈልሽ ቀን የሚቀይርልሽን ላይብረሪ (ዝግጁ ኮድ) ጣዪው።