ቶርቹ ጥግ ላይ ወደ ላሜራው ይወርዳል፤ ስክሪኑ ላይ የትኛውን ቁጥር ልንካ?

ላሜራ_6፦
ሰላም ለሁላችሁ። 6 ሚሜ የብረት ላሜራ በኮምፒውተር በሚመራ ማሽን፣ በ45 አምፔር የአየር ፕላዝማ (በኤሌክትሪክ አርክ በጋለ አየር ብረት አቅልጦ የሚቆርጥ) እየቆረጥኩ ነው። ስክሪኑ ላይ ያስገባሁት ይህ ነው፦ የመብሻ ከፍታ 3.8 ሚሜ፣ የመቁረጫ ከፍታ 1.5 ሚሜ፣ የመብሻ ቆይታ 0.5 ሰከንድ፣ ፍጥነት 1600 ሚሜ በደቂቃ፣ የአርክ ቮልቴጅ 128። የቲ ኤች ሲ (የቶርቹን፣ ማለትም የመቁረጫውን ጭንቅላት፣ ከፍታ በራሱ የሚያስተካክለው መቆጣጠሪያ) መዘግየት 0 ነው፣ የጥግ መቆለፊያውም 0። ቀጥታ መስመር ላይ ችግር የለም። ጥግ ሲደርስ ግን ቶርቹ ይወርድና ላሜራውን ይነካል። 12 ሚሜ ቀዳዳዎችም ከላይና ከታች ስፋታቸው እኩል አይወጣም። ቲ ኤች ሲን ሳጠፋው ጥጉ ይስተካከላል፣ ግን ላሜራው በሙቀት ሲጎብጥ ከፍታው ይዛባል። ምን ላድርግ?

አርክ_ቮልት፦
ሁለቱ ዜሮዎች ናቸው ችግሩ። ቲ ኤች ሲ ከፍታን አይለካም፤ የሚያነበው ቮልቴጅ ብቻ ነው። አርኩ ሲረዝም ቮልቴጁ ይጨምራል፣ እሱም «ቶርቹ ከፍ ብሏል» ብሎ ያወርደዋል። ጥግ ላይ ማሽኑ አቅጣጫ ለመቀየር ፍጥነት ይቀንሳል። አርኩ አንድ ቦታ ላይ ሲቆይ ብዙ ብረት ያቀልጣል፣ የቁርጡ ስፋት ይሰፋል፣ አርኩም ጠርዙን ለማግኘት ይለጠጣል። ቶርቹ ምንም ሳይነሳ ቮልቴጁ ከፍ ይላል፤ ቲ ኤች ሲው ታዲያ ቶርቹን ወደ ላሜራው ይነዳዋል።

የጥግ መቆለፊያውን 90 በመቶ አድርገው። ያኔ ፍጥነቱ ከ1440 በታች በወረደ ቁጥር ዜድ (ቶርቹን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያንቀሳቅሰው ዘንግ) ባለበት ይቆያል፣ ፍጥነቱ ሲመለስ ይለቀቃል። የቲ ኤች ሲ መዘግየቱን ከ0.5 እስከ 1 ሰከንድ ስጠው፤ ቶርቹ ከ3.8 ወደ 1.5 ወርዶ ማሽኑ ሙሉ ፍጥነት እስኪይዝ ድረስ የሚነበበው ቮልቴጅ አይታመንም። ይህን ከመብሻ ቆይታው ጋር አታደባልቀው። የመብሻ ቆይታ አርኩ ላሜራውን በስቶ እስኪያልፍ ማሽኑ ቆሞ የሚጠብቅበት ጊዜ ነው። እሱ ሲያጥር ማሽኑ ሳይበሳ ይነሳና የቀለጠው ብረት ወደ ኖዝሉ (አርኩ የሚወጣበት የቶርቹ አፍ) ይረጫል፤ ሲረዝም ደግሞ ከታች ያለው ብረት ያልቅና አርኩ ይጠፋል።

ስትሞክር ስክሪኑ ላይ ትክክለኛውን ፍጥነትና የአርክ ቮልቴጁን ጎን ለጎን ተመልከት። ጥግ ላይ ቮልቴጁ ሲዘል ዜድ ካልተንቀሳቀሰ መቆለፊያው ሠርቷል። እጅህ ግን ከአደጋ ማቆሚያው አይራቅ።

ቀዳዳ_በሺ፦
ስለ ቀዳዳዎቹ፦ 12 ሚሜ ቀዳዳ በ6 ሚሜ ላሜራ ላይ የውፍረቱ እጥፍ ስለሆነ በደንብ ይወጣል። በዚያ ጠባብ ክብ ውስጥ በ1600 መሮጥ ግን አይሆንም፤ የአርኩ ታች ጫፍ ከላይኛው ወደ ኋላ ይቀርና ቀዳዳው ከታች ይጠባል። የቀዳዳውን ፍጥነት የውጪው መስመር 60 በመቶ ገደማ አድርገው፣ እዚህ 960 አካባቢ ይሆናል። ቲ ኤች ሲን በቀዳዳው ላይ ከፕሮግራሙ አጥፋው፤ ከፍታው መጀመሪያ ላሜራውን ነክቶ ባገኘው መጠን ይቆይ። መብሳቱን ከቀዳዳው መሃል ጀምር። ክቡ ሊዘጋ ሲል አርኩ ትንሽ ቀድሞ ይጥፋ፣ እንቅስቃሴው ግን ይቀጥል፤ አለዚያ መጋጠሚያው ላይ ጉድጓድ ይቀራል።

አቅጣጫውንም ተመልከት። በተለመዱት ኖዝሎች ጋዙ እየተሽከረከረ ስለሚወጣ ወደ ፊት ስትሄድ በቀኝ በኩል ያለው ጠርዝ ቀጥ ይላል፣ የግራው ያዘነብላል። ስለዚህ የውጪው ዙር በሰዓት አቅጣጫ፣ ቀዳዳው በተቃራኒው ይቆረጣል። ብዙዎች ስክሪኑ ላይ ሥዕሉን በመስታወት መልክ ሲገለብጡት አቅጣጫውም አብሮ እንደሚገለበጥ ይረሱታል፤ ጥሩው ጠርዝ ተራፊው ላይ፣ መጥፎው ዕቃው ላይ ይቀራል።

ኤሌክትሮድ፦
ከላይ የተባለው ሁሉ ልክ ነው፤ 128 የሚለውን ቁጥር ግን ማንም አልነካውም። ኤሌክትሮዱ (በቶርቹ ውስጥ አርኩ የሚነሳበት ክፍል) ሲበላ በውስጡ ያለው የሃፍኒየም (ሙቀት የሚቋቋም ብረት) ነጥብ ይጎደጉዳል፣ አርኩም በዚያው ልክ ይረዝማል። ለተመሳሳይ ከፍታ ቮልቴጁ ይጨምራል ማለት ነው። ስክሪኑ ላይ 128 እንደተጻፈ ከቆየ ቲ ኤች ሲው ቶርቹን ቀስ በቀስ ያወርደዋል። እንደ ግምት 5 ቮልት 0.5 ሚሜ ያህል ነው፤ ከ1.5 ሚሜ ላይ 0.5 ሚሜ መቀነስ ደግሞ የከፍታህ ሲሶ ነው።

ቁጥሩን ራስህ አግኘው። አዲስ ኤሌክትሮድና ኖዝል ግጠም (የፕላዝማውን ዋና ማብሪያ አጥፍተህ)፣ ቲ ኤች ሲን አጥፋ፣ ጠፍጣፋ ላሜራ ላይ 300 ሚሜ ቀጥታ መስመር ቁረጥ። ከመጀመርህ በፊት በ1.5 ሚሜ ላይ በትክክል መቆሙን በ1.5 ሚሜ ቁራጭ ላሜራ ለካ። መስመሩ መሃል ላይ ስክሪኑ የሚያሳየው ቮልቴጅ ያንተ ቁጥር ነው። መቆጣጠሪያህ በየቁርጡ መጀመሪያ ቮልቴጁን ራሱ ናሙና የሚወስድበት ምርጫ ካለው እሱን አብራው፣ ከመበላቱ ጋር አብሮ ይስተካከላል። የሃፍኒየሙ ጉድጓድ 1.6 ሚሜ ሲደርስ ግን ኤሌክትሮዱን ቀይር፤ የኖዝሉ ቀዳዳ ክብነቱን ካጣም እንደዚሁ። ቮልት እየጨመሩ ያረጀ ኖዝል ማስታመም ትርፉ ያዘነበለ ቁርጥ ነው።

የመነሻ ከፍታው ራሱ ከተሳሳተ ይህ ሁሉ አይረዳም። ቶርቹ በኤሌክትሪክ ንክኪ የሚለካ ከሆነ ዝገት፣ ቀለምና ውሃ ንክኪውን ይከለክሉታል፤ የግራውንድ መቆንጠጫውንም ተጠርጎ በነጣ ቦታ ላሜራው ላይ እሰረው። በማብሪያ የሚለካ ከሆነ ቀጭን ላሜራ ሲጫን ይረግብና ቁጥሩን ያሳስታል።

ላሜራ_6፦
መቆለፊያውን 90፣ መዘግየቱን 0.8 አደረግኩ፣ በአዲስ ኤሌክትሮድ 133 ቮልት አነበብኩና አስገባሁት። ጥጉ ተስተካክሏል፣ ቀዳዳውም በ960 ጥሩ ወጣ። አሁን ግን የፍጥነት መቀነሻውን ስክሪኑ ላይ 80 በመቶ ሳደርገው ዜድ ረጅም ቀጥታ መስመር ላይ እንኳ ጭራሽ አይንቀሳቀስም።

አርክ_ቮልት፦
አንዳንድ መቆጣጠሪያዎች መቆለፊያውን የሚያነጻጽሩት ፕሮግራሙ ላይ ከተጻፈው ፍጥነት ጋር ነው። 80 በመቶ ላይ የምትሄደው በ1280 ነው፣ ገደቡ ደግሞ 1440፤ ስለዚህ ቲ ኤች ሲው እስከ መጨረሻው እንደተቆለፈ ይቆያል። መቀነሻውን ወደ 100 መልሰውና ፍጥነቱን ፕሮግራሙ ላይ 1280 ብለህ ጻፈው። ከዚያ በፊት ግን የሚቀንስበት ምክንያት መኖሩን ከታች ያለውን ዝቃጭ (ቀልጦ ጠርዙ ላይ የረጋውን ብረት) አይተህ ወስን። ወፍራም ሆኖ በቀላሉ የሚረግፍ ከሆነ ቀድሞውንም ዘግይተሃል፣ ፍጥነት ጨምር። ቀጭንና ጠንካራ ሆኖ በግራይንደር ካልሆነ የማይለቅ ከሆነ ነው መቀነስ ያለብህ፤ ያኔም በአንድ ጊዜ 20 በመቶ ሳይሆን 5፣ 5 በመቶ እያልክ ውረድ።