ለአኒሜሽን ትምህርት የሚቀርብ የሥዕል ስብስብ፦ ምን ይግባ፣ ምን ይቅር?

ጥያቄ፦ እናት ከቶሮንቶ
ጤና ይስጥልኝ። የ12ኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ልጄ ኦክቪል በሚገኘው ሸሪዳን ኮሌጅ የአራት ዓመቱን የአኒሜሽን ዲግሪ ለመማር ቆርጧል። ለማመልከት ፖርትፎሊዮ፣ ማለትም የራሱ ሥራዎች ስብስብ፣ ይጠየቃል። እሱ ቀን ከሌት የሚስለው ግን የጃፓን ካርቱን ነው፤ ዐይናቸው የፈጠጠ፣ ፀጉራቸው የቆመ ልጆች። ለእኔ ያምራሉ፤ እናቱ ነኝና ፍርዴ አይታመንም። ይበቁታል? አባቱ «መጀመሪያ ጥሩ ኮምፒውተር ይገዛለት» ይላል፤ ዋጋው ደግሞ አይቀመስም።

መልስ፦ የስቶሪቦርድ (የፊልምን ታሪክ በተከታታይ ሥዕሎች የማሳየት ሥራ) ሠራተኛ
እኅቴ፣ ኮምፒውተሩ ይቆይ። ለአሁኑ እርሳስና ርካሽ ወረቀት ይበቃዋል። ሸሪዳንም ሆነ ካሊፎርኒያ ያለው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ካልአርትስ ትልቅ ቦታ የሚሰጡት ሰውን ፊት ለፊት እያዩ ለተሳለ ሥዕል ነው። ከሌላ ሰው ካርቱን የተቀዳ ሥዕል የቱንም ያህል ቢጸዳ የልጁን ዐይን አያሳይም። አንድ ሰከንድ ፊልም 24 ፍሬም፣ ማለትም 24 ነጠላ ምስል፣ አለው፤ አንዱ ሥዕል ለሁለት ፍሬም ቢያገለግል እንኳ 12 ሥዕል ያስፈልጋል። በ12ቱም ገጸ ባሕርዩ ያው ሰው ሆኖ መታየት አለበት። የሰው ክብደት ከአንዱ እግር ወደ ሌላው እንዴት እንደሚሸጋገር ያላጠና እዚያ ላይ ይጋለጣል። ስለዚህ አውቶቡስ ሲጠብቅ፣ ገበያ ሲሄድ፣ በ30 ሰከንድና በሁለት ደቂቃ የሚያልቁ ፈጣን ንድፎች ይሥራ። ፊት አያስፈልግም፤ አቋሙን ይያዝ።

መልስ፦ የአኒሜሽን ተማሪ
እትዬ፣ ብዙዎቻችንን የሚጥለን እጅ ነው። ቡና ሲቀዱ አጠገብዎ ይቀመጥ። ጀበናው ሲያዘነብል የእጅዎ አንጓ ይታጠፋል፣ አውራ ጣትዎ እጀታው ላይ ይጫናል፣ ጅማቱ ብቅ ይላል። ሦስተኛው ስኒ ላይ ሲደርሱ አያያዙ ተለውጧል። ያንን ሁሉ ይሳል፤ ቡናው ቢቀዘቅዝም።

መልስ፦ የሥዕል መምህር፣ አዲስ አበባ
እኔ ካርቱኑን ጨርሶ ይተው አልልም፤ ፍቅሩ ከዚያ ነው የመጣው። የራሱን ገጸ ባሕርይ ፈጥሮ ከፊት፣ በሰያፍ፣ ከጎንና ከኋላ ይሳለው። በአናት፣ በትከሻና በወገብ ልክ አግድም መስመር ያስምር፤ ከጀርባ የተሳለው አጥሮ ከተገኘ ያኔውኑ ይታወቃል። የሳሎናችሁንም ክፍል በፐርስፔክቲቭ፣ ማለትም የራቀው እያነሰ በሚታይበት አሳሳል፣ ይሥራ። ስቶሪቦርድ ከተጠየቀ ደግሞ ታሪኩን ለማያውቅ ሰው ያለ ማብራሪያ ያሳይ። ሰውየው ከጠየቀ፣ ሥዕሉ ገና ነው።

እናት ከቶሮንቶ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሰፈራችን የሰው ሥዕል ክፍል አለ፤ ሞዴሉ ግን ራቁቱን ነው የሚቆመው አሉኝ። ደነገጥኩ።

የስቶሪቦርድ ሠራተኛ
ብዙ ወላጅ ይደነግጣል። በሙያው የተለመደ የአካል ጥናት ነው፤ አጥንትና ጡንቻ በልብስ ውስጥ አይታይማ። የዕድሜ ገደብ ሊኖር ስለሚችል አስቀድመው ይጠይቁ። የማይመች ከሆነ ልብስ ለብሶ የሚቆም ሞዴል ያለበት ክፍል ይፈልጉ፤ አለበለዚያ እርስዎና አባቱ በየተራ ቁሙለት። የዘንድሮውን መመሪያ ግን ከኮሌጁ ገጽ ራሱ ያንብብ፤ ካምናው ሊለይ ይችላል። ሥራዎቹን ስካነር ከሌለው በቀን፣ መስኮት አጠገብ፣ ስልኩን ከወረቀቱ ጋር ትይዩ አድርጎ ፎቶ ያንሳ። የእጁ ጥላ ሥዕሉ ላይ እንዳያርፍ ይጠንቀቅ።