የሞተር እግር ማርሽ የት ይስተካከላል? ጎንደር ላላቹ ጥቆማ

ሰላም የጎንደር ሞተረኞች፣ ባለፈው የቦክሰሬ (የባጃጅ ባለ ሁለት እግር ሞተር) የእግር ማርሽ አልመች አለኝ የት ልውሰደው ብዬ ስጠይቅ አንዱ አዘዞ፣ አንዱ ቅዳሜ ገበያ፣ አንዱ ደግሞ ሽጠህ እረፍ ነበር ያለኝ ኪኪኪ። ከመሸጡ በቀር ሁሉንም ሞክሬ መጣሁ፣ ሌላው ሰው ብሩንም ሞተሩንም እንዳያበላሽ ልጻፈው።

ችግሩ ምን መሰላቹ፣ ሞተሩን የገዛሁት ከሰው እጅ ነው፣ ሰውየው በነጠላ ጫማ ነበር የሚነዳው። የፊቱ መርገጫ ወደ መሬት ደፋ ብሏል፣ የተረከዙ ደግሞ ሽቅብ ተነስቷል። እኔ ለስራ ቡትስ ጫማ ነው የማደርገው፣ እግሬን ላሳርፍ ስል ተረከዜ የኋላውን ይጫነውና ሳላስበው ማርሽ ይቀየርብኛል፣ ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ዳገቱን ስትወጣ ከኋላህ አይሱዙ እየተከተለህ እንደዛ ሲያደርግህ አስበው።

መጀመሪያ የሄድኩት ትልቅ ግቢ ያለው ጋራዥ ነው፣ ስሙን አልጠራም። ልጁ ቁጭ ብሎ እንኳን ሳያየው "ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) መውረድ አለበት" አለኝ። ዋጋውን ስሰማ እኔ ራሴ ወረድኩ። ጫማ ጠበበኝ ስትለው እግርህ ይቆረጥ እንደሚልህ ሐኪም በሉት።

ቀጥሎ ባጃጅ የሚሰሩ ልጆች ጋ። ባጃጅ ላይ ጎበዞች ናቸው አልክድም፣ ግን የባጃጅ ማርሽ በእጅ የሚጠመዘዝ ስለሆነ የእግሩን ብዙም አያውቁትም። አንዱ ቡሎኑን ላላ አደረገና ፔዳሉን ከኋላ በመዶሻ ይቀጠቅጠው ጀመር። እምቢ አለ። ለምን እምቢ እንዳለ የገባኝ በኋላ ነው፣ ቡሎኑ የሚያልፈው ፔዳሉ የተሰካበት ዘንግ ላይ በተቆረጠች ቦይ በኩል ስለሆነ ላላ ማለቱ አይበቃም፣ ተነቅሎ መውጣት አለበት። እሱ ግን ሲቀጠቅጥ የፔዳሉን የውስጥ ጥርስ በላው። ከዛ ቀን ጀምሮ ስረግጠው አንዳንዴ ይይዛል አንዳንዴ ይንሸራተታል።

ሶስተኛው ቅዳሜ ገበያ አካባቢ መንገድ ዳር የሚሰሩ አንድ ሽማግሌ ናቸው፣ ያላቸው አንድ ሳጥንና አንድ ዱካ ብቻ ነው። ሲያዩት "ማነው እንዲህ የደበደበው" ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዛ በሚስማር ዘንጉ ጫፍና ፔዳሉ ላይ ትይዩ ጭረት አደረጉ፣ ድሮ የነበረበት ቦታ እንዳይጠፋ። በ10 ቁልፍ ቡሎኑን ሙልጭ አድርገው አወጡት፣ የፔዳሉን ስንጥቅ በካቻቢቴ ጫፍ ትንሽ ከፈት፣ በቃ በእጅ ወጣ! መዶሻ የለ ምን የለ። በናፍጣ በተነከረ የጥርስ ብሩሽ ዘንጉን አጠቡና ጣቴን ይዘው አስነኩኝ፣ "የዘንጉ ጥርስ ደህና ነው፣ የሞተው ፔዳሉ ነው፣ ሂድ ገዝተህ ና፣ አሮጌውንም ይዘህ ሂድ" አሉኝ።

እዚህ ላይ ስለ ዕቃው። መለዋወጫ ቤት ባጃጅ ካልክ የሶስት እግሩን ነው የሚያወጡልህ፣ ቦክሰር በል። ሁለት አይነት አሳዩኝ፣ ርካሹ ቀለሙ ያብረቀርቃል ግን ጥርሱ ቀጭንና ጠርዙ ያልጠራ ነው፣ ውዱ ከበድ ይላል ጥርሱም ስል ነው። ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን አድርጋቹ ርዝመቱንና ጥርሱን ሳታዩ እንዳትገዙ፣ ኦርጅናል ነው ማለት ሻጩ ሁሉ ያውቅበታል። እኔ ውዱን ወሰድኩ። የፔዳል መሞቻ ምልክት ደግሞ ይቺ ናት፦ ቡሎኑን ስታጠብቀው ስንጥቁ ሙሉ በሙሉ ገጥሞ ፔዳሉ አሁንም ከተወዛወዘ አለቀለት፣ ከዛ በላይ ብታጠብቅ ቡሎኑን ነው የምትበጥሰው።

ስመለስ ሽማግሌው ከመግጠማቸው በፊት ጫማዬን አዩና "ሁሌ የምታደርገው ይሄን ነው?" አሉኝ። አዎ ስላቸው ሞተሩ ላይ አስቀመጡኝና እግሬን አሳርፈው ለኩ። የፊቱን አንድ ጥርስ ብቻ ከፍ አደረጉት፣ የኋላው በዛው ልክ ዝቅ አለ፣ አንድ ብረት ስለሆነ ፊቱን ስታነሳ ኋላው ይወርዳል። ሁለት ጥርስ ያድርጉልኝ ብዬ ነበር፣ ሞክረው አሳዩኝ፣ ተረከዙ ወርዶ እግር ማሳረፊያው ጋ ሊገጭ ደረሰ። ሞተሩ ጠፍቶ በእጅ እስከመጨረሻው ወደ ፊትም ወደ ኋላም ተጫኑት፣ የትም የማይነካ ሲሆን ቡሎኑን ከነሮንዴላው መለሱ። ጠቅላላ 20 ደቂቃ፣ የእጅ 150 ብር። እኔ 200 ሰጥቻቸው መጣሁ።

ከስር የመጡ መልሶች፦

— ወንድሜ ምን ያደክምሃል፣ እኔ አስበይጄው 2 አመቴ፣ አንድ ቀን ተንሸራቶ አያውቅም።

— የሚያስበይድ ሰው እግዜር ይይለት። የፊቱን የሰንሰለት ጥርስ ለመቀየር የግራውን ሽፋን ስትከፍት ፔዳሉ መውጣት አለበት፣ ያኔ በግራይንደር ነው የሚቆረጠው። ዘንጉ አብሮ ከተነካ ያኔ እውነትም ካምቢዮ ይወርዳል።

— እኔ በመስሪያ ቤት ያማሃ ወደ ደምቢያ ነው የምመላለሰው፣ ክረምት ላይ ማርሽ አልገባ ብሎኝ ፔዳሉን አስተካክሉልኝ ብዬ ስወስደው መካኒኩ ሳቀብኝ፣ ለካ ያ ጥቁር ጭቃ ፔዳሉና ሞተሩ መሀል ገብቶ እንደ ሲሚንቶ ደርቋል፣ ወደ ታች የሚሄድበት ቦታ የለውም። ታጥቦ ዳነ። እህቶቼ ወንድሞቼ ብር ከማውጣታቹ በፊት እጠቡት።

— የኔ ደግሞ ቦታው ልክ ነው ግን ቆሜ ኑል (ባዶ ማርሽ) አልገኝ ይለኛል፣ ፔዳል ላስነሳ?

— አታስነሳ፣ መጀመሪያ የፍሪሲዮን (ክላች) ገመዱን እይ። በእጅ የሚጨበጠው የፍሪሲዮን መያዣ ጫፍ ባዶውን የሚሄደው 1 ሳንቲም ሜትር ገደማ መሆን አለበት፣ ከዛ በጣም ከላላ ፍሪሲዮኑ በደንብ አይለቅምና ኑል ያስቸግርሃል። እጁ ጋ ባለችው ማስተካከያ በእጅ የምትሰራ ነገር ናት።

— አፓቼ ሞተር ላለንስ? ፔዳሉ ከማርሹ ጋር በሌላ ቀጭን ዘንግ ነው የተያያዘው።

የአፓቼውን እኔ ልመልስ፣ ላንተ ይቀልሃል፣ ጥርስ መቁጠር የለም። የዘንጉን ሁለቱንም ጫፍ ዳዶ አላላና ዘንጓን በእጅህ ታዞራታለህ፣ ስታዞራት ፔዳሉ ቀስ እያለ ይነሳል ወይ ይወርዳል። ብዙውን ጊዜ አንደኛው ዳዶ ግራ ዞሮ ስለሆነ አልላላም ካለህ በጉልበት አትታገለው፣ በተቃራኒው ሞክር። ብዙ ደግሞ አትንቀለው፣ በሁለቱም ጫፍ በቂ ጥርስ ነክሶ መቅረት አለበት፣ አለዚያ መንገድ ላይ ወልቆ ፔዳሉ ተንጠልጥሎ ትቀራለህ። መጨረሻ ላይ ዳዶዎቹን ማጥበቅ እንዳትረሳ።

ሽማግሌው የት ናቸው እያላቹ በውስጥ ለጠየቃቹኝ፣ ጠዋት 3 ሰዓት አካባቢ ነው የሚመጡት፣ እሁድና በሚካኤል አይሰሩም፣ ንጋት 12 ሰዓት ሄዳቹ እንዳትለፉ። የኔን ሰሞኑን ኮብልስቶን ላይ ስነዳው ቆየሁና ቡሎኑን በ10 ቁልፍ ነካ አደረኩት፣ ሩብ ዙር ያህል ላልቶ ነበር። እናንተም በሳምንቱ እዩት።